ጣሪያችንን ይመርምሩ፤ ኪታባችንን ግን አይምረጡልን

ከአንድ የመድረሳ አስተማሪ፣ ገራዶ (ነሐሴ 2007)





ሰኔ ላይ፣ ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ የአስተዳደር ሰው ልጆች ወደማስቀራበት ቤት መጣ። ሰውየውን አውቀዋለሁ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጁሙዓ አብረን እንሰግዳለን፤ ሁለተኛ ልጁም እኔው ዘንድ ዐምማ ጁዝእን እየቀራ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ከኪሱ የታጠፈ ፎርም አወጣና ይጠይቀኝ ጀመር።

ስንት ልጅ ታስቀራለህ? ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ቤቱ የማን ነው? እነዚህን ሁሉ ሳላመነታ መለስኩ። ቀጥሎ፣ ምን ምን ኪታብ ታስቀራለህ? አለኝ። ዝም አልኩ። ሥልጠናውን ወስደሃል? ዐቂዳህስ የየትኛው ነው? አለና ድምፁ ዝቅ አለ። ራሱም እንዳፈረበት ገባኝ። «ኡስታዝ፣ አፉ በለኝ፤ ፎርሙ ላይ ያለውን ነው የምጠይቅህ፤ እኔ ያወጣሁት አይደለም» አለኝ።

የፊተኞቹን ጥያቄዎች ስመልስ ምንም አልከበደኝም፤ የኋለኞቹ ግን ጉሮሮዬ ላይ ተቀረቀሩ። የጠየቀኝ ያው አንድ ሰው ነው፤ ፎርሙም አንድ ነው፤ ማኅተሙም አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ሰውየው ከሄደ በኋላ ይህን ሳሰላስል ሰነበትኩ። በረመዷን መሐል፣ ሰኔ 29 ቀን፣ በኮሚቴዎቻችን ላይ የጥፋተኝነት ብይን ተሰጠ። ዒድ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሐምሌ 27 ቀን ቅጣቱን ሰማን። ያኔ የኔ ትንሽ ፎርምና የነሱ ትልቅ ክስ አንድ ጥያቄ መሆኑ ታየኝ፤ መንግሥት የሰውን ሕይወት እስከ የት ድረስ ገብቶ መጠየቅ ይችላል?

ከኛ መካከል «መንግሥት መድረሳ ደጃፍ ድርሽ አይበል» የሚል ወንድም አለ። እኔ እንዲህ አልልም። የማስቀራበት ቤት የጭቃ ነው፤ አንደኛው ግድግዳ አዘንብሏል፤ ቆርቆሮው በሁለት ቦታ ያፈስሳል። ዝናቡ ሲበረታ ልጆቹን ወደ አንድ ጥግ ሰብስቤ ነው የማስቀራቸው። ያ ግድግዳ ተንዶ ልጅ ቢጎዳ «የዲን ቤት ነው፣ ማን ያገባዋል?» ብዬ ከሕግ አላመልጥም። የመጸዳጃው ነገር፣ የውሃው ነገር፣ ልጆቹ በኔ ሰዓት ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ይቀሩ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንዲያውም ከዚህ የባሰውን ልናገር። እኔ ስቀራ ደረሳ በአለንጋ ነበር የሚቀራው፤ ጀርባዬ ያውቀዋል። ዛሬ አንድ ኡስታዝ ልጅ ደብድቦ ቢያቆስል «ተርቢያ ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይገባም። ሕፃን አማና ነው። መንግሥት ቢደርስለት እሰየው።

ስለዚህ መንግሥት ሥልጣን የለውም ብለን አንከራከርም። አለው። ክርክራችን ሥልጣኑ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን እንጂ ገልጠን አላነበብነውም። እኔም ሁለተኛ ደረጃ ስማር በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ለፈተና ያህል ሸምድጄው አልፌ ነበር፤ ደግሜ ያነበብኩት ኮሚቴዎቻችን ሐምሌ 2004 ላይ ከታሰሩ በኋላ ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች ሃይማኖታቸውን የሚያስተምሩበትና የሚያስተዳድሩበት ተቋም የማቋቋም መብት እንዳላቸው፣ ማንንም በእምነቱ ማስገደድ እንደማይቻል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት ኮትኩተው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ሲደርስ ግን ገደብ ያስቀምጣል። ሹመኞች ሁልጊዜ የሚጠቅሱብን ይህችን ነው፤ እኛም ስትጠቀስ አንገታችንን እንደፋለን።

አንገት መድፋት አያስፈልግም፤ ልብ ብላችሁ አንብቧት። አንደኛ ነገር፣ ሊገደብ የሚችለው እምነትን መግለጽ ነው እንጂ እምነቱ ራሱ አይደለም። በልብ ያለው ዐቂዳ ላይ ምንም ገደብ አልተጻፈም። ከዚያም ገደቡ በሕግ የወጣ መሆን አለበት፤ የአንድ ሹም ቃል ወይም የስልክ ትእዛዝ ሕግ አይደለም። ምክንያቶቹም ተቆጥረው ተቀምጠዋል፤ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብ ሞራል፣ የሌሎች ሰዎች መብትና ነፃነት፣ በመጨረሻም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ። የመጨረሻዋን ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። መንግሥት ከሃይማኖት ነፃነቱን የሚያጣው እኛ ኪታብ ስንቀራ ነው ወይስ እሱ ኪታብ ሲመርጥ?

አሁን ወደ ፎርሙ እንመለስ። ያዘነበለው ግድግዳ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ መጸዳጃው የጤና ነው፤ ሰዓቱ የትምህርት ነው። ዐቂዳዬ ግን ከየትኛው ይገባል? «ሰላም» ይሉኝ ይሆናል። እኔ ልጆቹን ጎረቤታችሁን ውጉ ብዬ አስተምሬ ከሆነ ያ ወንጀል ነው፤ ምስክር ይምጣብኝ፤ ፍርድ ቤት ልቁም። «የየትኛው ዐቂዳ ነህ?» የሚለው ግን የሠራሁትን ነገር አይጠይቅም። ማን መሆኔን ነው የሚጠይቀው።

ሐምሌ 2003 ላይ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሥልጠና የጣሰው ይህንኑ ድንበር ነው። አሕባሽ የምንለው አስተምህሮ መሥራች ሸይኽ ዐብደላህ አል-ሐረሪ የሀገራችን ሰው ናቸው፤ ከሐረር ወጥተው ቤይሩት ኖረው እዚያው ያለፉ። ደረሶቻቸው መጥተው መስጂድ ደጃፍ ቢያስተምሩ፣ እኛም ሰምተን ብንቀበል ወይም ብንተው፣ ነገሩ የዑለማ ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር። የሆነው ግን መጅሊሱና የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር አብረው ቆመው ኢማሙንና የመድረሳውን አስተማሪ መጥራታቸው ነው። መንግሥት ምክንያቱ የአክራሪነት ስጋት ነው አለ። ስጋት ሊኖረው ይችላል፤ መሣሪያ የሚያነሳን ሰው መከላከልም ሥራው ነው። ነገር ግን ገበያ ውስጥ ሚዛን የሚያጭበረብር አለ ተብሎ አስተዳደሩ ራሱ ሱቅ ከፍቶ «ከኔ ብቻ ግዙ» አይልም። ሚዛኑን ይፈትሻል፣ አጭበርባሪውን ይቀጣል፣ ይሄዳል።

እኛ የወሎ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ብዙም አይርቅም። በ1870 አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠሩ። ሁላችንም የምናውቀው በሙስሊሙ ላይ የመጣውን ነው፤ ተጠመቁ ተባለ፤ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር እምቢ ብለው ተነሡ። ብዙ ጊዜ የማናነሳው ግን ጉባኤው መጀመሪያ የዳኘው የክርስቲያኖቹን የእርስ በርስ ክርክር መሆኑን ነው። በቤተ ክህነቱ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲከራከሩ ከኖሩት ወገኖች ንጉሡ አንዱን መርጠው ሌላውን ዘጉት። ሦስት ልደት ያለው ክርስቲያን ትምህርቱን እንዲተው የታዘዘበት ዙፋን ነው ወዲያው ዞሮ ሙስሊሙን ሃይማኖቱን እንዲለቅ ያዘዘው። የእምነትን ትክክለኛነት መወሰን አንዴ የመንግሥት ሥራ ከሆነ በኋላ ተራው የማን እንደሚሆን አይታወቅም። ይህን ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ስናስረዳ በዚህ ብንጀምር ጥሩ ይመስለኛል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ አባቶቻችን ሰልፍ ወጥተው መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ ብለው ሲጠይቁ ክርስቲያን ወንድሞቻቸውም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። እንግዲህ ይህ ድንበር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም፤ እኛው የጠየቅነው ነው።

አሁን ለጀማዓችን ደስ የማይል ነገር ልናገር ነው፤ ታገሡኝ።

ቅጣቱ በተሰማ ሰሞን ከዒሻ በኋላ መስጂድ በር ላይ ቆመን ስናወራ አንድ የማከብራቸው አባት «ምን አለ መንግሥት አሕባሹን አንሥቶ መጅሊሱን ለኛ ዑለማ ቢሰጥልን! በአንድ ቀን ያልቅ ነበር» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ለጊዜው «ኢንሻ አላህ» ብዬ አለፍኩ፤ ዕድሜያቸውን አክብሬ። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ የተቃወምነው መንግሥት ዐቂዳ መምረጡን ነው ወይስ የኛን አለመምረጡን?

ኢማሙ ማሊክ ይህ ጥያቄ መጥቶባቸዋል። የዐባሲያው ኸሊፋ (አንዳንዱ ሪዋያ አል-መንሱር፣ ሌላው ሃሩን አር-ረሺድ ይላል) «ሙወጦእን በየሀገሩ ልኬ ሰው ሁሉ በሱ ብቻ እንዲሠራ ላድርግ» አላቸው። አስቡት፤ ገዢው የራስዎን ኪታብ በራሱ ማኅተም ሀገር ምድሩን አዳርሶ ሊያስከብርልዎ ነው። ማሊክ አልተቀበሉም። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በየሀገሩ ተበታትነዋል፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የደረሰውን ዒልም ይዞ ኖሯል፤ ሰዎቹን ከያዙት ጋር ተዋቸው አሉ። እኔ ይህን ታሪክ ለደረሶቼ የማነሳው ስለ ማሊክ ትሕትና ሳወራ ነበር። አሁን ሳየው ከትሕትና በላይ ነው። ማሊክ ኪታባቸው በዱላ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ያወቁ ይመስለኛል።

ከርሳቸው በኋላ በመጣው ትውልድም የሆነው ይኸው ነው። በ218 ሂጅራ ኸሊፋ አል-መእሙን «ቁርአን ፍጡር ነው» የሚለውን የሙዕተዚላዎች አቋም መርጦ ዳኞችንና ዑለማን ይመረምር ጀመር። ኢማሙ አሕመድ እምቢ ብለው ታሰሩ፤ በአል-ሙዕተሲም ዘመን ተገረፉ። የመረመራቸው ሙስሊም መንግሥት ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ሙስሊም ገዢ በማግኘት የሚፈታ አይደለም። በአል-ሙተወኪል ጊዜ ምርመራው ሲቀር ደግሞ ነፋሱ ዞረ፤ ትናንት የቤተ መንግሥቱ ባለሟል የነበሩት በተራቸው ተገፉ። አለንጋው ያው ነበር፤ የያዘው እጅና የሚያርፍበት ጀርባ ነው የተለወጠው።

ከዚህ ተነሥቼ ነው እንዲህ የምለው። የአሕባሽን አስተምህሮ የሚከተል ወንድም በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ቤት፣ ፈቅዶ ለሚሰማው ሰው ቢያስተምር አንቀጽ 27 ለሱም ነው። ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሕተት መሆኑንም አስተምራለሁ። ፖሊስ ያስቁምልኝ ብዬ ግን አልጠይቅም። እንቅስቃሴያችን ከመጀመሪያው ያነሣው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ አይጫንብን እንጂ አይኑሩ አላልንም። በሱረቱል በቀራ 256ኛው አያ በዲን ማስገደድ እንደሌለ ጌታችን ሲነግረን «እናንተን ካልሆነ በቀር» አላለንም።

ሰኔ 27 ቀን 2005 ሸይኽ ኑሩ ይማም እዚሁ ደሴ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። የእንቅስቃሴያችን ደጋፊ አልነበሩም። ይህ ግን ከደማቸው ጋር ምንም አያገናኘውም። ያለ ሐቅ ነፍስ ማጥፋት ሐራም ነው፤ ገዳይን ፈልጎ ለፍርድ ማቅረብም የመንግሥት የመጀመሪያ ሥራው ነው። በዚህ ላይ «መንግሥት ጣልቃ ገባ» የሚል ሰው ካለ እኔ አልደግፈውም። ልለው የምችለው ገዳይ ሲፈለግ የሚፈለገው ገዳይ ይሁን ነው፤ ጺም፣ የሱሪ ቁመት፣ የሚሰግዱበት መስጂድ የወንጀል ማስረጃ አይሁኑ።

ይህ ድንበር በቤታችንም ይሠራል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት በጋብቻ ጉዳይ እንዲያይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ፈቅዷል፤ ሥልጣኑ ግን የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ሲኖር ነው። ባል «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በሸሪዓ ነው የምዳኘው» ብሎ ሚስቱን ጎትቶ ማቅረብ አይችልም፤ እሷም እሺ ማለት አለባት። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያጠቁርብኝ ወንድም አይጠፋም። ነፃነት ለኛ ስትሆን ጣፋጭ፣ ለሚስታችን ስትሆን መራራ ልትሆን ግን አትችልም።

የመጅሊስ ምርጫውን ነገር ብዙ ተጽፎበታልና አላረዝመውም። መስከረም 27 ቀን 2005 ምርጫው በየቀበሌው ተካሄደ። «መስጂድ ሆነ ቀበሌ ምን ለውጥ አለው?» ለሚሉን መልሱ ቀላል ነው። ቀበሌ ማለት መታወቂያ የምታወጣበት፣ የድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቅበት ቤት ነው። መታወቂያህን በሚያድስልህ ሰው ፊት የዲንህን መሪ ስትመርጥ እጅህ ነፃ አይደለም። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ገርባ ላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ አንዱ ፖሊስ ነበር። ገርባ ዘመድ የሌለው የአካባቢያችን ሰው ጥቂት ነው። የፖሊሱ እናትም እናት ናት። አላህ ለሁሉም ሰብር ይስጥ።

ወደ ፍርዱ ልመለስ። የተከሰሱት በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነው። 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ኡስታዝ አቡበክር አሕመድ፣ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል፣ ኡስታዝ ያሲን ኑሩና ኡስታዝ ካሚል ሸምሱ እያንዳንዳቸው 22 ዓመት። ሕዝቡ ጥር 2004 ከአወሊያ ተነሥቶ የወከላቸው ሦስት ጥያቄ ይዘው ነበር፤ አወሊያ በሕዝብ ቦርድ ይተዳደር፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይሁን፣ አሕባሽ በግድ አይጫንብን። ጥያቄዎቹ በአደባባይ የተነገሩ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም የቀረቡ ናቸው። ክሱ ግን ከነዚህ ጥያቄዎች ጀርባ ሌላ ዓላማ አለ፣ እስላማዊ መንግሥት ማቋቋም ነው የሚል ነው።

የአዋጁ አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነበር። ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ርዕዮተ ዓለማዊ ዓላማ ከሽብር ትርጉሙ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ማቀድና ማሤርም ለብቻቸው ያስቀጡ ነበር። ፈንጂ የተገኘበት ሰው ላይ ዓላማው ምን እንደነበር መጠየቅ ያስኬዳል። ከድርጊቱ ተነሥቶ ከዓላማው ይደረሳል። ድርጊቱ ሰላምታ፣ ስብሰባ፣ ኹጥባና ፊርማ ሲሆን ግን መንገዱ ይገለበጣል፤ ዓላማው አስቀድሞ ይወሰንና ድርጊቱ በዓላማው ይተረጎማል። ያኔ ዳኛው የሰውን ልብ ሊዳኝ ነው። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት እያለ ጥር 28 ቀን 2005 ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚለውን ፊልም ሲያሳየን የሆነውም ይኸው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ በቴሌቪዥኑ ግን ልባቸው አስቀድሞ ተነቦ አልቆ ነበር።

የኡሳማ ቢን ዘይድን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጦር ሜዳ አንድ ሰው ሊመታው ሲል ሸሃዳ ይዞ ነበር፤ ኡሳማ ግን ከሰይፉ ፈርቶ ነው ያለው ብሎ ገደለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡት፤ ልቡን ከፍተህ አይተህ ነበርን? ብለው ጠየቁት። ይህ የሆነው በጦርነት መሐል ነው። ፉቀሃዎቻችን ከዚህ ያወጡት ደንብ ፍርድ በታየ ነገር ላይ ነው፣ ውስጡ የአላህ ነው የሚል ነው። ሰይፍ የመዘዘ ሰው ልብ ካልተነበበ ወረቀት የያዘ ሰው ልብ እንዴት ይነበባል?

ትምህርት ቤትን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ እህቶቻችን ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጣል ይላል። ትክክል ነው፤ የፊዚክስ መምህሩ ዳዕዋ እንዲያደርግብን፣ ወይም ክፍሉ በጸሎት እንዲከፈት አንፈልግም። ይህ ግን የመምህሩና የተቋሙ ግዴታ ነው። መንግሥት ሃይማኖት የለውም ማለት ተማሪዋ ሃይማኖት የላትም ማለት አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር ስለ አምልኮ ያወጣው መመሪያ ኒቃብንና የጀማዓ ሶላትን ሲከለክል ሁለቱን ያምታታቸው ይመስለኛል። በፈተና ሰዓት የተማሪዋ ማንነት መረጋገጥ አለበት ቢሉ እውነት ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይፈተን መጠበቅ አለባቸው። ለዚያ ግን አንዲት ሴት ሠራተኛ በጓዳ ፊቷን አይታ ካርዷን ብታመሳክር ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በሁለት ደቂቃ የሚፈታን ነገር ዓመት ሙሉ መከልከል አስፈላጊ ነው ሊባል አይችልም። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2007 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ስለ መምህራን ሒጃብ የተናገረው ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ችግር ሊመጣ ይችላል ብሎ መገመት ብቻ በጅምላ ለመከልከል አይበቃም፤ ተጨባጭ አደጋ መታየት አለበት። ጀርመን ሙስሊም ሀገር አይደለችም፤ ሕዝቧም ስለ ሒጃብ ብዙ ይጨቃጨቃል። ዳኞቿ ግን የት ላይ መቆም እንዳለባቸው ጠየቁ።

እንግዲህ ፎርም ይዞ የሚመጣ ሰው ቤታችሁ ቢመጣ፣ ያው የጎረቤት ልጅ ነውና አትቆጡት። ቡና አፍሉለት። የሕፃናቱን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የቤቱን ሁኔታ በእውነት መልሱለት፤ መዋሸት አይገባም። ዐቂዳን የሚመለከተውን ጥያቄ ግን በየትኛው ሕግ እንደሚጠየቅ የሚያሳይ ደብዳቤ አምጣልኝ በሉት። ደብዳቤውን ካመጣ ኮፒውን አስቀሩ። በጀማዓው ስም ብቻችሁን ምንም አትፈርሙ። ድምፅ ከፍ አይበል፤ እጅ አይነሣ። 

እኔ ዘንድ የመጣው ሰው ባለፈው ሳምንት ልጁን ሊወስድ መጥቶ ነበር። ዝናብ ነበርና በር ላይ ቆመን ቆየን። «ያቺን ፎርም እኮ አላስረከብኳትም፤ ሁለት ቦታ ክፍት ናት» አለኝ። ክፍት ሆና ትሂድ፣ ከፈለግህ ከሥር «ጣሪያው ያፈስሳል» ብለህ ጻፍበት አልኩት። ሳቀ። ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየው። ቅዳሜ ከሶስት ሰዓት በኋላ መሰላል ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ ምስማሩን እኔ እገዛለሁ።